ወንበዴው፣ ባለጥሩሯ ልጃገረድና የሜሮኤ መቀነት

ጎሕ ሲቀድ ነው። ዓባይ ከሜዲትራንያን ባሕር በሚገናኝበት፣ የሄራክሌስ አፍ በሚባለው ዳርቻ፣ አንድ የወንበዴ ጭፍራ ከኮረብታ ላይ ሆኖ ቁልቁል ይመለከታል። ከታች አንድ መርከብ ታስሮ ቆሟል። ጭነቱ አልተነካም፤ ሰው ግን የለበትም። አሸዋው ላይ ማዕድ ተዘርግቶ፣ ወይኑ ከደም ተቀላቅሎ፣ በማዕዱ ዙሪያ ሬሳ ተረፍርፏል። አንዱ በመጥረቢያ፣ ሌላው በዱላ፣ ሌላው በትንታግ ወድቋል፤ አብዛኞቹን የጣላቸው ግን ፍላጻ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል አንዲት ልጃገረድ ዓለት ላይ ተቀምጣለች። በራሷ ላይ የቅጠል አክሊል ደፍታለች፤ ከትከሻዋ የፍላጻ አፎት ተንጠልጥሏል፤ ቀስቷን ተደግፋ፣ ከፊቷ ከወደቀው ቁስለኛ ጎበዝ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል ትጠብቃለች። ብድግ ባለች ጊዜ ፍላጻዎቿ ተንኳኩ፤ ወንበዴዎቹም አምላክ መሰለቻቸውና ደነገጡ።

«ኢትዮጲካ» የተባለው የግሪክኛ ልብ ወለድ የሚከፈተው በዚህ ትርኢት ነው። ደራሲው ሄሊዮዶሮስ ራሱን የኤሜሳ ተወላጅ፣ ፊንቄያዊ፣ ከፀሐይ ዘር የወረደ እያለ ያስተዋውቃል፤ ኤሜሳ ዛሬ በሶርያ ሆምስ የምትባለው ከተማ ናት። መጽሐፉ የተጻፈው በ3ኛው ወይም በ4ኛው መቶ ዓመት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ልጃገረዲቱ ካሪክሌያ ትባላለች፤ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት።

የባሕር ወንበዴና የታጠቀች ልጃገረድ ፍቅር ካለፉት 200 ዓመታት ወዲህ የኦፔራው፣ የባሌው፣ ኋላም የሲኒማው የዘወትር ቀለብ ሆኗል። ብዙ ሰው ሥር የሌለው፣ ነፋስ ያመጣው መዝናኛ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሥር ግን አለው፤ ከሥሮቹም ጥንታዊውና ጥልቁ የሚገኘው በአውሮፓ መኳንንት አዳራሽ ሳይሆን በዓባይ ዳር ነው። እንግዲህ ይህች ቀስት ያነገበች ልጃገረድ ከዓባይ ተነሥታ በአውሮፓ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ስትጓዝ ምን ደረሰባት? ቀስቷንስ፣ አገሯንስ፣ የእናቷንስ መልክ ማን ወሰደባት?

ነገሩን ከመነሻው መያዝ ይበጃል። የንጉሡ የሂዳስፔስና የንግሥቲቱ የፐርሲና መኝታ ቤት በሥዕል ያጌጠ ነው። ከሥዕሎቹ አንዱ ጀግናው ፐርሴዎስ ለባሕር አውሬ የታሰረችውን አንድሮሜዳን ከዓለቱ ሲያወርዳት ያሳያል። ንግሥቲቱ በፀነሰችበት ሰዓት ዓይኗ ያረፈው በዚያች ነጭ ልጃገረድ ላይ ስለ ነበር ነጭ ሴት ልጅ ወለደች። ባሏ በዝሙት እንዳይጠረጥራት ፈርታ ልጅቱ ሞተች አለች። ከዚያም የሆነውን ሁሉ በመቀነት ላይ በጥልፍ ጽፋ፣ ከንግሥና ጌጥ ጋር አድርጋ ሕፃኗን ጣለቻት። ጽሕፈቱ በተራው ሰው ፊደል ሳይሆን በኢትዮጵያ ነገሥታት ፊደል እንደ ነበር ሄሊዮዶሮስ አጥብቆ ይናገራል። ሲሲሚትሬስ የተባለ የአገሩ ጥበበኛ ሕፃኗን አንሥቶ አሳደጋት፤ ኋላም ለአንድ የግሪክ ካህን አደራ ሰጣት። ካሪክሌያ በዴልፊ አደገች፤ የአደን አምላክ የሆነችው የአርጤምስ አገልጋይ ሆና ቀስት መሳብ ተማረች። በአንድ የበዓል ቀን የቴሳሊያውን ጎበዝ ቴአጌኔስን አየችው፤ እርሱም አያት፤ ሁለቱም በፍቅር ታመሙ። ካላሲሪስ የተባለ ግብፃዊ ካህን መቀነቱን አንብቦ ማንነቷን ከነገራት በኋላ ሦስቱም በአንድ የፊንቄ መርከብ ተሳፍረው ወደማታውቀው አገሯ ጉዞ ጀመሩ።

የባሕር ወንበዴው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። መንገደኞቹ ክረምቱን በዛኪንቶስ ደሴት ሲያሳልፉ ትራኪኖስ የሚባለው የወንበዴዎች አለቃ ካሪክሌያን አያትና ልቡ ነደደ። መርከባቸውን አሳድዶ ማረከ፤ ማዕበልም ሁሉንም በአንድነት ወደ ዓባይ አፍ ወረወራቸው፤ ትራኪኖስ በዚያው ዳርቻ ሠርግ ደገሰ። ሽማግሌው ካላሲሪስ ግን የወንበዴውን ደንብ ያውቃል። በተማረከ መርከብ ላይ አስቀድሞ የዘለለ ሰው ከምርኮው የፈለገውን የመምረጥ መብት አለው፤ አስቀድሞ የዘለለውም የትራኪኖስ ምክትል ፔሎሮስ ነበር። ሽማግሌው ልጅቱ የምትወደው አንተን ነው ብሎ ለፔሎሮስ ሹክ አለው። በሠርጉ ማዕድ ላይ ፔሎሮስ መብቱን ጠየቀ፤ ትራኪኖስ ከለከለ፤ ጩቤ ተመዘዘ፤ አለቃው ወደቀ። ጭፍራው ተከፋፍሎ ሲተራረድ ካሪክሌያ ከመርከቡ ላይ ሆና ፍላጻዋን ታወርድበት ጀመር። ከዚያ ሁሉ ግርግር መካከል የሳተችው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም አውቃ የሳተችው፣ በሰይፍ ይዋጋ የነበረው ቴአጌኔስ ነው። ጎሕ ሲቀድ ከኮረብታ የታየው የዚህ ሠርግ ፍርስራሽ ነበር።

ሄሊዮዶሮስ የቴአትር ዓይን ነበረው። ሬሳውን በመጀመሪያው ገጽ ዘርግቶ የሬሳውን ምክንያት እስከ 5ኛው ክፍል ፍጻሜ ድረስ ይደብቃል። መጋረጃው ሲገለጥ ተመልካቹ የሚያየው ውጤቱን ነው፤ ምክንያቱን ሲፈልግ መጽሐፉ እኩሌታው ያልቃል። ይህን ዘዴ የኋላ ዘመን ጸሐፊዎች ሲቀዱት ኖረዋል።

ስለ ወንበዴዎቹም አንድ ነገር መናገር ይገባል። በአማርኛ ሽፍታና ወንበዴ አንድ አይደሉም። ትራኪኖስ ዘራፊ ነው፤ ከዚያ በላይ አልተነገረለትም። ከሠርጉ ማግሥት ካሪክሌያን የሚማርካት ቲያሚስ ግን የካህን የበኩር ልጅ ነው፤ ታናሽ ወንድሙ በተንኮል ክህነቱን ስለ ቀማው በዓባይ ረግረግ ውስጥ ሸፈተ። ካሪክሌያን ሲፈልጋትም በኃይል አልነጠቃትም፤ ጭፍራውን ሰብስቦ የምርኮ ድርሻዬ እርሷ ትሁን ብሎ አስፈቀደ፤ እርሷንም ጠየቃት። እርሷ ደግሞ ክህነቴን በሥርዓቱ አውርጄ ልምጣ እያለች በቃል አባብላ አዘገየችው። ደራሲው «እረኞች» እያለ የሚጠራቸው እነዚህ የረግረግ ሰዎች ከምናብ የመጡ አይደሉም። በ172 ገደማ በካህኑ በኢሲዶሮስ መሪነት በሮማ አገዛዝ ላይ ተነሥተው እስክንድርያን ለመያዝ ጥቂት ቀርቷቸው እንደ ነበር የታሪክ ጸሐፊው ካሲዮስ ዲዮ መዝግቧል። ሮማዊው ጸሐፊ ወንበዴ ይላቸዋል፤ ግብሩ ያጎበጠው የግብፅ ገበሬ ምን ብሎ ይጠራቸው እንደ ነበር ግን የጠየቀው የለም።

የታሪኩ ፍጻሜ በሜሮኤ ነው። ንጉሡ ሂዳስፔስ ፋርሶችን በስዬኔ፣ በዛሬዋ አስዋን፣ ድል አድርጎ ሲመለስ ከምርኮኞቹ መካከል ሁለቱ ፍቅረኞች ለፀሐይና ለጨረቃ መሥዋዕት እንዲሆኑ ተመረጡ። ካሪክሌያ በንጽሕናዋ በጋለው ፍርግርግ ላይ ሳትቃጠል ቆመች፤ ከዚያም መቀነቷን አወጣች። እናትዮዋ የገዛ እጇን ጽሕፈት አወቀች። ንጉሡ ግን ጥቁሮች ሆነን ነጭ ልጅ እንዴት ትወለዳለች ብሎ ተከራከረ። የአንድሮሜዳ ሥዕል ከቤተ መንግሥት መጣ፤ ከልጅቱም ጋር ተመሳሰለ። በመጨረሻ ሲሲሚትሬስ እጅጌዋን ሰብስቢ አላት፤ በነጩ ክንዷ ላይ እንደ ቀለበት የዞረ ጥቁር ምልክት ታየ። ክርክሩ በዚህ ምልክት ተዘጋ። የሰው መሥዋዕትም ከዚያ ቀን ጀምሮ ተሻረ። ለበዓሉ ስጦታ ካመጡት መልእክተኞች መካከል የአክሱም ሰዎች አሉ፤ ደራሲው ገባሮች ሳይሆኑ ወዳጆች ናቸው ብሎ ለይቶ ይጠቅሳቸዋል፤ ያመጡትም ቀጭኔ ነው፤ ሕዝቡን ሁሉ ያስገረመው ይኸው ቀጭኔ ነበር።

ልብ መባል ያለበት ነጥብ አለ። ካሪክሌያ ነጭ ሆና ብትወለድም ታሪኩ የሚያልቀው ወደ ጥቁሮቹ ወላጆቿ ስትመለስ፣ የሚፈርድላትም በክንዷ ላይ ያለው ጥቁር ቀለም ነው። ፍላጻዋ ያን ሁሉ ሰው መጣሉንም እንደ ነውር የቆጠረባት የለም። ወደ አገሯ የገባችው ካህንና አልጋ ወራሽ ሆና ነው።

እርግጥ ነው፣ የሄሊዮዶሮስ ኢትዮጵያ የሜሮኤ መንግሥት ናት፤ ፍርስራሿ ዛሬ በሱዳን፣ ከካርቱም በስተሰሜን በዓባይ ዳር ይታያል። ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የጥቁሮች ምድር ሁሉ ማለታቸው ስለ ነበር ስሙን ከዛሬው ካርታ ጋር ማምታታት አይገባም። ነገር ግን ይህች ሜሮኤ በታጠቁ ሴቶች ረገድ ከልብ ወለዱ የበለጠች ነበረች። የሐዋርያት ሥራ አንባቢ «ህንደኬ» የሚለውን ስም ያውቀዋል፤ እርሱም የሜሮኤ ንግሥቶች የማዕረግ ስም ነው። ስትራቦን የጻፈላት አንድ ዓይና ህንደኬ፣ ሊቃውንት አማኒሬናስ የሚሏት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ25 ገደማ ከሮማ ጋር ጦርነት ገጠመች። ሠራዊቷ ስዬኔን ያዘ፤ የአውግስጦስ ቄሣርን ሐውልቶች ጣለ። በ1910 ቆፋሪዎች በሜሮኤ ከአንድ መቅደስ ደጃፍ ሥር የአውግስጦስን የነሐስ ራስ አገኙ፤ የሚገባውና የሚወጣው ሁሉ ይረግጠው ዘንድ ተቀብሮ ነበር። ራሱ አሁን በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። በናቃ በሚገኘው የአንበሳው አምላክ መቅደስ ግንብ ላይም ንጉሥ ናታካማኒ በአንድ ወገን፣ ንግሥት አማኒቶሬ በሌላው ወገን፣ በእኩል ቁመት ተቀርጸው ጠላት ሲቀጡ ይታያሉ። ሄሊዮዶሮስ ግን ድሉን ለንጉሡ ሰጥቶ ንግሥቲቱን በመኝታ ቤትና በሥዕል መካከል አስቀመጣት። የታጠቀችው ሴት ከእናትነት ወደ ልጅነት፣ ከዙፋን ወደ ስደት የተዛወረችው ገና በመጀመሪያው ድርሰት ነው ማለት ይቻላል።

መጽሐፉ ለምዕራብ አውሮፓ የደረሰው በዘረፋ ነው። በ1526 የኦቶማን ጦር ወደ ቡዳ ሲገባ የሃንጋሪ ንጉሥ የማቲያስ ኮርቪኑስ ቤተ መጻሕፍት ተበረበረ፤ የ«ኢትዮጲካ» የእጅ ጽሑፍ አንድ ወታደር እጅ ገባ። ከወታደሩ ተገዝቶም በ1534 በባዝል ታተመ። በ1547 ዣክ አምዮ ወደ ፈረንሳይኛ መለሰው፤ ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ ቋንቋዎች ተሠራጨ። ስለ ወንበዴ የተጻፈ መጽሐፍ በወታደር ምርኮ መዳኑ ራሱን የቻለ ልብ ወለድ ነው።

በጣሊያን ከተማ በፌራራ፣ በእስቴ መስፍኖች አዳራሽ፣ ሌላ የታጠቀች ሴት ቀድማ ቆማ ነበር። ሉዶቪኮ አሪዮስቶ በ1516 አሳትሞ በ1532 በጨረሰው «ኦርላንዶ ፉሪዮሶ» ውስጥ ብራዳማንቴ የምትባል ነጭ ጥሩር የለበሰች ፈረሰኛ አለች። የምትወደው ሩጄሮ በአፍሪካ ያደገ የጠላት ወገን ጦረኛ ነው። ጋሬጣው ብዙ ነው፤ መጨረሻው ግን ከጅምሩ የታወቀ ነው፤ ሩጄሮ ይጠመቃል፣ ይጋባሉ፣ ከእነርሱም የእስቴ መስፍኖች ዘር ይወርዳል። ደሞዝ ከፋዩ መስፍን ለግጥሙ የሚከፍለው ለዚህ ነበር። የፊውዳሉ አዳራሽ ጦር የያዘች ሴትን የታገሠው የዘር ሐረግ እስክትሰጠው ድረስ ብቻ ነው። በዚሁ መጽሐፍ ሴናፖ የሚባል የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት አለ፤ በወርቅ ተከቦ ታውሮና ተርቦ ይኖራል፤ ከማዕዱ የሚነጥቁትን ጭራቅ ወፎች የሚያባርርለት በበራሪ ፈረስ የመጣ እንግሊዛዊ ነው። የኢትዮጵያ ድርሻ በፌራራ አዳራሽ ይህን ያህል ነበር።

ሁለቱን ክሮች የቋጠረው ቶርኳቶ ታሶ ነው። የተወለደው በ1544 በሶሬንቶ ሲሆን፣ በ1558 የኦቶማን መርከቦች ሶሬንቶን ሲዘርፉ እዚያ የነበረችው እኅቱ ኮርኔሊያ ለጥቂት አመለጠች። ለርሱ የባሕር ወንበዴ የመጽሐፍ ወሬ አልነበረም። ታላቁን ግጥሙን «የተፈታችው ኢየሩሳሌም»ን የጻፈው ለፌራራ መስፍን ነው። ከ1579 እስከ 1586 በዚያችው ከተማ በሳንታና ሆስፒታል ታስሮ ኖረ፤ ግጥሙ በ1581 በሙሉ ሲታተም ደራሲው እስር ላይ ነበር። ታሶ ግጥሜ ከሃይማኖት ወጥቶ ይሆንን? እያለ ራሱን ሲመረምር፣ ለሌሎችም እያስመረመረ ሲሠቃይ የኖረ ሰው ነው። ይህ ፍርሃት ለጀግናዪቱ ዕጣ ምክንያት ሳይሆን አልቀረም።

ጀግናዪቱ ክሎሪንዳ ናት። በ1099 ኢየሩሳሌምን በከበቡት የመስቀል ጦረኞች ላይ ከእስላሞች ወገን ተሰልፋ ትዋጋለች፤ በራስ ቁሯ ላይ የነብር ምስል አለ። ከመስቀል ጦረኞቹ አንዱ ታንክሬዲ በአንዲት ምንጭ ዳር የራስ ቁሯን አውልቃ አይቷት ልቡን ጥሏል። እርሷ ፍቅሩን አታውቅለትም፤ ብታውቅም ደንታዋ አይደለም። አንድ ሌሊት የከባቢዎቹን የእንጨት ግንብ ለማቃጠል ስትሰናዳ የብሩን ጥሩሯን አውልቃ ዝገት የበላው ጥቁር ጥሩር ለበሰች። ያሳደጋት ሽማግሌ ጃንደረባ አርሴቴ ሞቷን እንደሚያይ ሆኖ ተንቀጠቀጠ፤ እስከዚያች ሌሊት የደበቀውንም ነገራት። እናቷ የኢትዮጵያ ንግሥት ናት፤ አባቷ ሴናፖ ነው። ቅናተኛው ንጉሥ ጥቁሪቱን ንግሥት በግንብ ዘግቶባት ይኖር ነበር። በክፍሏ ውስጥ አንድ ቅዱስ ፈረሰኛ ደራጎን ወግቶ ነጭ ልጃገረድ ሲያድን የሚያሳይ ሥዕል ነበረ፤ እርሷም በሥዕሉ ፊት እያለቀሰች ስትጸልይ ከርማ ነጭ ልጅ ወለደች፤ ፈርታም በአርሴቴ እጅ ወደ ሩቅ አገር ሰደደቻት። በጫካም ነብር አጠባቻት።

የሄሊዮዶሮስ እጅ እዚህ ላይ ሳይሰወር ይታያል። አንድሮሜዳ ወጥታ የቅዱስ ጊዮርጊስ ልጃገረድ ገብታለች። የኢትዮጵያ ምእመን ይህችን ልጅ ብሩታዊት ብሎ ያውቃታል፤ ከሰማዕቱ ፈረስ አጠገብ ዛፍ ላይ ወጥታ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተሥላለች፤ በኢትዮጵያዊ ሠዓሊ እጅ ስትሣልም የአገሩን ሴት ትመስላለች። ንግሥቲቱ ያየችው የጎንደር ሠዓሊ ሥራ ቢሆን ኖሮ ልጅቱ እናቷን መስላ በተወለደች፣ ግጥሙም መነሻ ባጣ ነበር። ነገር ግን ጀግናዪቱ ለአውሮፓ አዳራሽ ትቀርብ ዘንድ መንጻት ነበረባት። ጥቁሪቱ እናት ውብ መሆኗን ታሶ አልካደም፤ ይሁንና በግንብ ተዘግታ ቀረች።

አንድ ዝርዝር ግን ከሄሊዮዶሮስ አልመጣም። ንግሥቲቱ ክርስቲያን ሆና ሳለ ልጇን ሳታስጠምቅ የላከችው፣ ይላል ታሶ፣ የአገሩ ልማድ ገና የተወለደን ልጅ ማጥመቅ ስለማይፈቅድ ነው። ይህ ተረት አይደለም። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። ስለ ኢትዮጵያ ወሬ በዚያ ዘመን ጣሊያን ውስጥ አይጠፋም ነበር፤ ሮም በሚገኘው በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ይኖሩ ነበር፤ መዝሙረ ዳዊት በ1513፣ የአባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና በ1549 በግዕዝ በዚያው ከተማ ታትመዋል፤ የፖርቱጋላዊው የፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የኢትዮጵያ ጉዞ መጽሐፍም ከ1540 ጀምሮ ይነበብ ነበር። እነዚያ 80 ቀናት የግጥሙ ቋጠሮ ሆኑ። ክሎሪንዳ ቀኗ ሳይሞላ ከአገር ስለ ወጣች የምትሞተው ሳትጠመቅ ነው።

ግንቡን አቃጠለች። ስትመለስ የከተማዪቱ በር ተዘጋባት። ታንክሬዲ በጨለማና በጥቁሩ ጥሩር ምክንያት ማን እንደ ሆነች ሳያውቅ ተከተላት፤ ሌሊቱን ሙሉ ተዋጉ። ስምሽን ንገሪኝ የሚል ጥያቄ ለርሱ ስምህን ንገረኝ ሆኖ ወጣ፤ ወንድ መስላዋለችና። እምቢ አለች። ሊነጋ ሲል ሰይፉ ደረቷ ውስጥ ገባ። ጥምቀት ለመነችው፤ እርሱም በራስ ቁሩ ከምንጭ ውኃ ቀድቶ መጣ፤ የራስ ቁሯን ሲያወልቅ አያት። አጠመቃት፤ ሞተች።

ካሪክሌያ መቀነቷን አውጥታ ወደ እናቷ የገባችበት ቦታ ላይ ክሎሪንዳ ጥሩሯን አውልቃ ወደ መቃብር ገባች። ክንዷ ላይ ጥቁር ምልክት የለም፤ የሚያነበው ሰው የሌለ መቀነት እንኳ አልያዘችም፤ እናቷ ሞቷን አትሰማም። ታሶ ሰይፉን ያስጣላት በገዛ ወዳጇ እጅ ነው፤ ከዚያም ሞቱን ድኅነት ብሎ ጠራው። ግጥሙ እጅግ ያማረ ነው። ማማሩ ግን የተወሰደባትን አይመልስም።

መድረኩ ደግሞ የቀረውንም ወሰደ። ክላውዲዮ ሞንቴቬርዲ በ1624 በቬኒስ፣ በሞቼኒጎ ቤት፣ በካርኒቫል ሰሞን ይህን ውጊያ በዜማ አቀረበ። የሚዘምሩት ሦስት ናቸው፤ ተራኪው፣ ታንክሬዲና ክሎሪንዳ፤ ቃሉ ከሞላ ጎደል የተራኪው ነው። ሙዚቃው አዲስ ነገር አመጣ። ባለ አውታር መሣሪያዎቹ አንዱን ድምፅ በፍጥነት እየደጋገሙ ቁጣን አሰሙ፤ የፈረስ ግልቢያን መቱ፤ ሰይፍ ሲጋጭ አውታሩን በጣት ነጠቁ። ተመልካቹ መኳንንት ከሐዘኔታ የተነሣ ሊያለቅስ ጥቂት ቀርቶት እንደ ነበር ሞንቴቬርዲ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ጽፏል። የክሎሪንዳ የመጨረሻ ቃል እየቀጠነ ወደ ላይ ወጥቶ ይቆማል። ነገር ግን ትርኢቱ የሚጀምረው ታንክሬዲ ሲከተላት ነው። አርሴቴ የለም፤ ንግሥቲቱ የለችም፤ ኢትዮጵያ የለችም። የቬኒስ ተመልካች ያዘነላት ሴት ከየት እንደ መጣች በመድረኩ ላይ የነገረው የለም።

በዚሁ ዘመን በሜዲትራንያን ባሕር ላይ የነበረው ነገር ከመድረኩ የተለየ ነው። የ«ዶን ኪሆቴ» ደራሲ ሚጌል ዴ ሰርቫንቴስ በ1575 በባሕር ወንበዴዎች ተይዞ በአልጀርስ 5 ዓመት በምርኮ ኖሯል፤ የመጨረሻ ሥራውን፣ በ1617 ከሞተ በኋላ የታተመውን «ፐርሲሌስ»ን፣ ከሄሊዮዶሮስ ጋር ሊፎካከር እንደ ጻፈው ራሱ ተናግሯል። ከርሱ በፊት ደግሞ በሞሮኮዋ ተቱዋን ከ1515 ገደማ ጀምሮ አንዲት ሴት ታስተዳድር ነበር። ሰይዳ አል ሑራ ይሏታል፤ ነጻዪቱ እመቤት ማለት ነው። ከግራናዳ በተሰደዱ ቤተ ሰቦች መካከል ያደገችው ይህች ገዥ የባሕር ዘማቾችን አሰማርታ የስፔንንና የፖርቱጋልን መርከቦች ታስጨንቅ ነበር፤ ከአልጀርሱ ከባርባሮሳ ጋርም ወዳጅ ነበረች። አውሮፓውያን ወንበዴ አሏት፤ የምርኮኛ ማስለቀቂያ ሲደራደሩ ግን ደጅ የሚጠኑት እርሷን ነበር። በ1541 የሞሮኮ ሱልጣን አሕመድ አል ወጣሲ ሊያገባት ፈለገ። ወደ ፌዝ አልሄደችም፤ ሱልጣኑ መናገሻውን ትቶ ወደ ተቱዋን መጣና በርሷ ከተማ ተጋቡ። ሥልጣኗንም አልለቀቀችም። በ1542 ከመንበሯ ያወረዳት የገዛ ልጇ ባል ነው። ለዚህች ሴት የአውሮፓ ገጣሚ አልተገኘላትም፤ የዘር ሐረግ የሚፈልግ መስፍን አልነበራትምና።

ወንበዴው የፍቅር ጀግና ሆኖ የተመለሰው በ1814 ነው። የሎርድ ባይረን «ዘ ኮርሴር» በወጣበት ቀን 10,000 ቅጂ ተሸጠ። ጊዜው የናፖሊዮን ጦርነት ማክተሚያ ነበር፤ ሕግን የናቀ ብቸኛ ወንድ በለንደን ሳሎን ተወደደ። ወንበዴው ኮንራድ የሴይድ ፓሻን ወደብ ሊያቃጥል ገብቶ ተያዘ፤ ከመያዙ በፊት ግን ከሚነድደው ሐረም ጉልናርን አውጥቷታል። የፓሻው እመቤት፣ ይኸውም ባሪያው፣ ጉልናር ወደደችው። ኮንራድ በግንድ ላይ ሊሰቀል ሲጠበቅ ሌሊት ጩቤ ይዛ መጣች። የተኛ ሰው አልገድልም አላት። ሄደች፤ ራሷ ገደለችው፤ ከእስር አወጣችው። ኮንራድ በግንባሯ ላይ አንዲት የደም ጠብታ አየ፤ ያን ጊዜም በሕይወቱ ያልፈራውን ያህል ፈራ። ዕድሜውን በደም ያሳለፈው ወንበዴ ከአንዲት ጠብታ ሸሸ፤ ጠብታዋ በሴት ግንባር ላይ ነበረችና። በቤቱ ተቀምጣ የጠበቀችው ሜዶራ ግን ሞቱን ሰምታ ሞተች፤ ሐዘኑም ፍቅሩም ለርሷ ሆነ። ካሪክሌያ ያን ሁሉ ሰው በፍላጻ ጥላ ቴአጌኔስ አልሸሻትም ነበር።

ቨርዲ በ1848 ይህን ታሪክ ኦፔራ አደረገው፤ በ1856 ፓሪስ ላይ የቀረበው ባሌ ደግሞ ሜዶራን ዋና አድርጎ ነገሩን ሁሉ ወደ ውብ ጭፈራ መለሰው። ዛሬ በየአገሩ መድረክ የሚታየው ከዚያ የወረደው ነው።

ባይረን ራሱ ግን በዚያው ዓመት «ላራ» የሚል ሌላ ግጥም አወጣ። አንድ ያለፈው ሕይወቱ ያልታወቀ ባላባት ከውጭ አገር ይመለሳል፤ ከጎኑ የማይለይ ካሌድ የሚባል ሎሌ አለው። ባላባቱ በጦርነት ሲሞት ሎሌው ወድቆ ልብሱ ሲላላ ሴት ሆኖ ተገኘ። ጉልናር ትሆን? ባይረን አልተናገረም፤ አንባቢዎቹ ግን እርሷ ናት ሲሉ ኖረዋል። ከዚያ ወዲያ የጦር መሣሪያ በእጇ የለም። ባላባቱ በወደቀበት ስፍራ ዛፍ ሥር ትቀመጣለች፤ አንዳንዴም በጣቷ አሸዋው ላይ ፊደል ትጽፋለች። በዚያ አገር ፊደሉን የሚያነብ የለም።